ያላየውን የሣለ ሰው

ሰው ስለማያውቀው አገር የሚያስበው ነገር አብዛኛው ካነበበው መጽሐፍ የመጣ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አይቶ ከረሳው ሥዕል የመጣ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ሥዕል የማያነብ ግን የለም። ሕፃኑም መሃይሙም ሊቁም ሥዕልን እኩል ያነባሉ። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ስም በሌላው ሕዝብ ዘንድ እንዲከበር ወይም እንዲዋረድ የሚያደርገው የታሪክ ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ሠዓሊውም ጭምር ነው። ከሠዓሊዎችም መካከል በቤተ መዘክር ከሚሰቀለው ይልቅ፣ በየሳምንቱ በሳንቲም በሚሸጥ መጽሔት ሽፋን ላይ የሚሥለው ብዙ ቤት ይገባል።

ለውድ አንባቢያን የማቀርበው የእንዲህ ያለውን ሠዓሊ ሕይወት ነው። ስሙ አኪሌ ቤልትራሜ ይባላል። በአገሩ በኢጣልያ የታወቀ ነው፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ስሙን የሚያውቅ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሥራውን ግን ብዙዎቻችን ሳናውቀው አይተነዋል። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሚያወሱ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ፣ በክፍት መኪና የተቀመጡትን የአውስትሪያን አልጋ ወራሽና ባለቤቱን አንድ ወጣት ከቅርብ ቆሞ በሽጉጥ ሲተኩስባቸው የሚያሳይ ባለ ቀለም ሥዕል አለ። እሱን የሣለው ቤልትራሜ ነው። ሲሥለው ሚላኖ ነበር፤ ሳራዬቮ ላይ የሆነውን በዓይኑ አላየም።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት የመተማ ልጅ መሆኔ ነው። መተማን የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን፣ ሰሊጡንና ጥጡን፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚለያትን በበጋ የሚደርቅ ጅረት ያስታውሳል። በታሪክ መጽሐፍ ግን መተማ አንድ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ንጉሠ ነገሥት የወደቀባት ቦታ ትባላለች፤ ከዚያ ገጹ ይገለበጣል። የመተማ ታሪክና የአንድ የሚላኖ ሠዓሊ ብሩሽ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። በቀናቱ ግራ እንዳይጋባም፣ ዓ.ም. ያልሁት የእኛን፣ እ.ኤ.አ. ያልሁት የአውሮፓውያንን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አኪሌ ቤልትራሜ በሰሜን ኢጣልያ በቪቼንሳ አውራጃ፣ አርዚኛኖ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1871 ተወለደ። ኢጣልያ ራሷ ያን ጊዜ ገና አዲስ አገር ነበረች፤ ሮማን ዋና ከተማዋ ካደረገች ብዙም አልቆየችም። ልጁ የሥዕል ተሰጥኦ ስለ ነበረው ወደ ሚላኖ ሄዶ ብሬራ በተባለው የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። መምህሩ ጁሴፔ ቤርቲኒ ይባል ነበር። በዚያ ዘመን የአካዳሚ ትምህርት ማለት የሰውን አካል አጥንትና ጡንቻውን እያጠኑ መሣል፣ የታሪክና የቅዱሳት መጻሕፍት ትዕይንቶችን በትልቅ ሸራ ላይ ማሰናዳት ነበር። ቤልትራሜ ይህን ሁሉ በደንብ ተማረ። በኋላ ያስከበረው አንድ ችሎታ፣ ማለትም ብዙ ሰው ያለበትን ግርግር ሳያደበላልቅ በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ አንድ የእኛ አገር ወጣት ከሚላኖ ብዙ በማትርቀው በቶሪኖ ከተማ ይህንኑ ጥበብ ይማር ነበር። እሱም የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው፤ ዕድሜው ከቤልትራሜ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ያህል ነው። ሁለቱ መገናኘታቸውን የሚያስረዳ ነገር የለም፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ብሩሽ ይዘው፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረው የወጡ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። የገጠማቸው ዕጣ ግን የተለያየ ነው። አንደኛው ሲመረቅ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ በአንድ ሌሊት የሚያወጣ የማተሚያ መኪና ይጠብቀው ነበር። ሌላው አገሩ ሲመለስ የጠበቀው የእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አእምሮ የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ ሲጀመር ጥቂት ቅጂ በእጅ እየተጻፈ ይወጣ እንደ ነበር ስናስታውስ ልዩነቱ ይገባናል። አፈወርቅም በመጨረሻ ከብሩሽ ይልቅ በብዕሩ ታወቀ፤ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ ስሙን አስጠርቶታል።

አሁን ወደ መተማ ልመለስ። ቤልትራሜ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከደርቡሽ ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ደርቡሾች በአቡ አንጃ መሪነት ጎንደር ገብተው ከተማዋን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለው ነበር፤ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ለመበቀል ዘመቱ። ውጊያው ወደ ኢትዮጵያውያን ድል እያዘነበለ ሳለ ጥይት መታቸው፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ። አስከሬኑን ይዘው ወደ ኋላ የሚመለሱት ወገኖች አትባራ ወንዝ ዳር ላይ ተደረሰባቸው፤ ራስ አርአያ ድምፁ የንጉሠ ነገሥታቸውን አስከሬን እንደ ጠበቁ ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ይህ ቀን ለኢጣልያ በር የከፈተ ቀን ነው። ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ምፅዋን ይዘው ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ የተመቱት ኢጣልያኖች፣ ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከረንንና አሥመራን ያዙ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ከመተማ ጦርነት ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ከውጫሌ ውል ዐድዋ መጣ፤ ከዐድዋም በኢጣልያኖች ልብ ውስጥ ቂም ቀረ። ያ ቂም ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ፣ ተላልፎም አርባ ዓመት እንዲቆይ፣ በየቤቱ የሚገባ ነገር ያስፈልገው ነበር። በየሳምንቱ በየቤቱ ከገቡት ነገሮች አንዱ ደግሞ የቤልትራሜ ሽፋን ነው።

ከዐድዋ ጦርነት ሦስት ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1899፣ ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ የተባለው የሚላኖ ታላቅ ጋዜጣ ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪዬሬ የሚባል የእሑድ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ዋጋው ዐሥር ሳንቲም ነበር። የፊቱና የኋላው ሽፋን በሙሉ ገጽ ባለ ቀለም ሥዕል ይሞላ ነበር። ሥዕሉን እንዲሠራ የተጠራው የሃያ ሰባት ዓመቱ ቤልትራሜ ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ሞንቴኔግሮ ውስጥ የወረደውን የበረዶ መዓት የሚያሳይ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ፣ አርባ አምስት ዓመት ያህል፣ ይህን ሥራ አልተወም። ከ4,600 በላይ ሥዕሎች ለዚሁ መጽሔት ሠርቷል።

ይህ መጽሔት ለምን እንዲህ ተወደደ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከኢጣልያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችልም ነበር። ፎቶግራፍ በጋዜጣ ላይ ማተም ገና ደብዛዛና ውድ ነበር፤ ቀለምም አልነበረውም። አደጋ በደረሰበት ቅጽበት በቦታው ካሜራ የያዘ ሰው መገኘትም ብርቅ ነበር። ቤልትራሜ ግን ሁልጊዜ በቦታው የነበረ ይመስል ነበር። የባቡር ግጭት ሲሆን ፉርጎው ገና በአየር ላይ ሳለ ያሳያል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ እናቲቱ ልጇን ይዛ በመስኮት ስትወጣ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1900 የኢጣልያ ንጉሥ ኡምቤርቶ ሞንሳ ላይ ሲገደል፣ በ1908 መሲና በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም፣ የኢጣልያ ቤተሰብ ነገሩን ያየው በዚህ መጽሔት ሽፋን ነው። ማንበብ የሚችለው ከሥዕሉ ሥር ያለችውን አጭር ጽሑፍ ለማይችለው ያነብለታል፤ ከዚያ ሽፋኑ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው በጋዜጣ በተለጠፈ ቤት ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳይፈልጉት በቃል ይያዛል።

ሰውየው ራሱ ዝምተኛና ትሑት እንደ ነበረ ይነገራል። ከሚላኖ ብዙም አይወጣም ነበር። የሣላቸውን በረሃዎች፣ የሣላቸውን የቻይና ከተሞች፣ የሣላቸውን የአፍሪካ ጫካዎች በእግሩ አልረገጣቸውም። የሥራው ጥሬ ዕቃ የቴሌግራም ወሬ፣ የጋዜጠኞች ጽሑፍ፣ ከሌላ ቦታ የተገኘ ፎቶግራፍና የመጽሐፍ ሥዕል ነበር። አዘጋጁ የሳምንቱን ወሬ መርጦ ይሰጠዋል፤ እሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ሠርቶ ያስረክባል። ልብሱን፣ ጠመንጃውን፣ የመኪናውን ጎማ ሳይቀር በጥንቃቄ ያጠና ነበር። ሥዕሎቹ ሐሰት ናቸው ለማለት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ዘለበት አይሳሳትም፤ ትዕይንቱ በጠቅላላው ግን ከአእምሮው የወጣ ነው።

አሣሣሉን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ዘዴ ይታየዋል። ቤልትራሜ የነገሩን መጀመሪያም መጨረሻም አይሥልም፤ የሚሥለው የመጨረሻውን አንዲት ሴኮንድ ነው። ነብሩ ዘሏል፤ ገና አልነከሰም። ጥይቱ ተተኩሷል፤ ሰውየው ገና አልወደቀም። ዋናው ሰው ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ገዝፎ ይቆማል፤ ፊቱ በግልጽ ይታያል። ተመልካቹም ማንም በሕይወት ሊቆምበት በማይችል ቦታ፣ በተኩሱና በተተኳሹ መካከል እንደ ቆመ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ያየው ሰው ነገሩን ሰማሁ አይልም፤ አየሁ ይላል።

ለቤልትራሜ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። በሥራዎቹ ውስጥ ጀግኖቹ ብዙውን ጊዜ ተራ ሰዎች ናቸው፤ እሳት አጥፊው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ከጎርፍ ልጅ ያወጣች ገበሬ ሴት። የማዕድን ቆፋሪዎችን ሞት ከነገሥታት ሠርግ ጋር በእኩል ገጽ ሥሏል። በአውሮፓ ሥዕል ቤቶች ድኻ በዚህ ያህል ብዛት የታየበት ቦታ ብዙ አይደለም። ያ ርኅራኄው የሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ርኅራኄ ድንበር አለው፤ የእሱም ርኅራኄ የት ላይ እንደ ቆመ ያሳየን የእኛ አገር ጦርነት ነው።

በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ያን ጊዜ ቤልትራሜ የስድሳ አራት ዓመት አዛውንት ነበር። መጽሔቱም የቀድሞው ነፃ መጽሔት አልነበረም። ኮሪዬሬን ለብዙ ዓመታት የመሩት ሉዊጂ አልቤርቲኒ ፋሽስቶችን በመቃወማቸው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሥራቸው ተወግደዋል። የትኛው ወሬ በምን ያህል ገጽ እንደሚወጣ፣ የትኛውስ ከቶ እንደማይነሣ፣ ለየጋዜጣው ከመንግሥት ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ሠዓሊው የሚቀበለው ወሬ እንዲህ ተጣርቶ የመጣ ወሬ ነው።

በእነዚያ ወራት የወጡትን ሽፋኖች ሰብስቦ ላየ ሰው አንድ ዓይነት አገር ይታየዋል። የኢጣልያ ወታደር ከፊት ለፊት ነው፤ ፊቱ የአንድ የታወቀ ሰው ፊት ይመስላል፤ የሠፈራቸው ልጅ እንደሆነ እናቶች ሊያውቁት ይችላሉ። ኢትዮጵያዊው ግን ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ነጭ ሸማ ነው፤ ወይም ጀርባ ነው፤ ወይም እየወደቀ ያለ አካል ነው። ፊቱ በግልጽ የሚታየው ተንበርክኮ ሲያመሰግን፣ ከባርነት ያወጣውን ወታደር እጅ ሲነሣ ነው። ባርነት በአገራችን አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ ነበረ፤ አሳፋሪም ነበር። ነገር ግን ሰንሰለቱ በሽፋኑ ላይ በደመቀ ቀለም የተሣለው፣ ከአውሮፕላን የሚወርደው ነገር እንዳይታይ ነው።

ከአውሮፕላን የሚወርደው የመርዝ ጋዝ ነበር። ኢጣልያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በሰሜን ጦር ግንባር በወንዝና በመንገድ ላይ አፈሰሰችው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ፣ መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። የእሳትና የጎርፍ ሠዓሊው፣ የመጨረሻዋን ሴኮንድ አድኖ የሚይዘው ሰው፣ በእጁ ሊሣል የሚገባው ብዙ ነገር ነበር። ቆዳው የተላጠ እረኛ፣ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ የታወረ ልጅ፣ ድንኳኑ የነደደበት ሐኪም ለመጽሔቱ ሽፋን የማይበቃ ነገር አልነበረም። በዚያ መጽሔት ግን አልወጣም። የኢጣልያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከጦርነቱ ስድሳ ዓመት በኋላ። ለዚህ ለስድሳ ዓመት ክህደት ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ግን ሰው በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ያየውን ሥዕል በቀላሉ የማይተው መሆኑ ይመስለኛል።

በዚያ ጦርነት የእኛ ቆላ ድርሻ ምን እንደ ነበረ ደግሞ እንመልከት። የሠዓሊው ሞክሼ የሆነው አኪሌ ስታራቼ የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በከባድ መኪና የተጫነ ጦር እየመራ ከሰቲት ወንዝ ዳርቻ፣ ከኦምሐጀር ተነሥቶ በቆላው በኩል ወደ ጎንደር ገሠገሠ። ትልቁ ውጊያ በሌላ ግንባር አልቆ ስለ ነበር ብዙ ተኩስ አልገጠመውም፤ ጠላቱ ድንጋዩ፣ ሙቀቱና የመንገድ እጦቱ ነበር። መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመትም ስለ ዘመቻው በስሙ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ዘመቻ ለጦርነቱ ያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለጋዜጣና ለሥዕል ያስገኘው ግን ብዙ ነው። ሥዕል ጦርነትን ተከትሎ ይሄድ የነበረው ቀርቶ፣ ጦርነት ለሥዕል ብሎ የሚዘምትበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ኢጣልያኖች መተማ ደርሰው ከሱዳን ድንበር ላይ ባንዲራቸውን ተከሉ። በመተማ የዐፄ ዮሐንስ ሞት የተከፈተላቸው በር ወደ መተማ አደረሳቸው።

ሆኖም አገሩ በሽፋን ላይ እንደ ታየው የተንበረከከ አልነበረም። በአርማጭሆና በአካባቢው እንደ ውብነህ ተሰማና እንደ አዳነ መኮንን ያሉ አርበኞች ጠላትን ዕረፍት ነሥተው ኖሩ። ኢጣልያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦሯ ከመተማ ጅረቱን ተሻግሮ ገላባትን ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራ የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ገላባትን መልሶ ቢይዝም፣ በአውሮፕላን ድብደባ ምክንያት መተማን ሳይዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች መተማን ትተው ወደ ጎንደር ሸሹ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጇን ሰጠች፤ የኢጣልያ ግዛት በኢትዮጵያ ያለቀው እዚያ ነው። እንግዲህ መጀመሪያውም መጨረሻውም በአንድ መንገድ ላይ፣ ከመተማ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ሆነ።

ቤልትራሜ የዚህን ሁሉ ፍጻሜ በደህና አላየም። እሱ በየሳምንቱ የሣለው ቦምብ ዞሮ በከተማው ላይ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1943 በደረሰው ድብደባ የተማረበት ብሬራ ሳይቀር ፈራረሰ። እሱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 ሚላኖ ውስጥ በሰባ ሦስት ዓመቱ ሞተ። ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ ከተማይቱ ነፃ ወጣች፤ የሙሶሊኒም ሬሳ በአንድ የሚላኖ አደባባይ ቁልቁል ተሰቀለ። ከዓለም ዳርቻ የመጣውን ወሬ ሁሉ ሲሥል የኖረ ሰው፣ በገዛ ከተማው የሆነውን ይህን ታላቅ ትዕይንት ሳይሥለው ቀረ። ሥራውን ቫልተር ሞሊኖ የተባለ ሌላ ሠዓሊ ቀጠለ፤ መጽሔቱም እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቶ ተዘጋ።

አሁን ቤልትራሜን እንዴት እንፍረደው? ሐሰተኛ ነበር ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ፍርድ አይመስለኝም። ያላዩትን መሣል ኃጢአት ቢሆን የእኛም ሠዓሊዎች አይተርፉም። የዐድዋን ጦርነት የሣሉት ብዙዎቹ ዐድዋ አልነበሩም፤ የመተማን ጦርነትና የዐፄ ዮሐንስን ሞት የሣሉትም ሠዓሊዎች ነገሩን የሚያውቁት ከአባቶች በሰሙት ነው። እነሱም እንደ ቤልትራሜ ወገናቸውን አግዝፈው ሣሉ፤ ጠላታቸውን አሳንሰው ሣሉ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊ ወገኑን አለመደበቁ ነው። በአገራችን የቆየ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ጎኑን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። በዐድዋ ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በደመና ላይ ሆኖ ይዋጋል። ይህን የሚያይ ተመልካች፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሠዓሊው ለማን እንደሚፈርድ ወዲያው ያውቃል፤ ይህ ምስክርነት ሳይሆን እምነትና ውዳሴ መሆኑን ይረዳል። ቤልትራሜ ግን ጠላትን በአንድ ዓይን አልሣለም። ጥላውን፣ አቧራውን፣ የሸማውን እጥፋት ሁሉ በትክክል አስቀምጦ፣ ከዚያ ፊቱን ብቻ አስቀረበት። ተመልካቹም ሠዓሊው እየፈረደ መሆኑን አላወቀም፤ ካሜራ ያየውን ያየ መሰለው። አንድ ዓይን ያለው ጠላት ቢያንስ አንድ ዓይን አለው፤ ፊት የሌለው ሰው ግን ሲገደል ማንም አያዝንለትም።

ይህ የጥንት ነገር ነው ብለን እንዳንተወው የሚያደርግ ምክንያት አለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያንኑ ጅረት ተሻግሮ በመተማ ገባ። ዓለም መተማን እንደገና በሥዕል አየ፤ በዚህ ጊዜ በፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ሕዝብ አለ፤ ሻንጣ አለ፤ ድንኳን አለ። ሻይ ቤቷን ከፍታ ውሃ ያቀረበችውን ሴት፣ ዐረብኛ እየተረጎመ የዋለውን ተማሪ፣ ገላባት ካሉ ዘመዶቹ ወሬ ለማግኘት ድንበሩ ላይ ያደረውን ሰሊጥ ነጋዴ ግን በእነዚያ ፎቶግራፎች ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ካሜራ ያየውን ይወስዳል፤ የት እንደሚዞር የሚወስነው ግን አሁንም ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ የመተማ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የቤልትራሜን ሕይወት ሳጠና ያገኘሁት ትምህርት ሥዕል አትመኑ የሚል አይደለም። ማንኛውም ሥዕል ሲቀርብልን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ሠዓሊው የት ቆሞ ነበር፣ ወሬውን ማን ሰጠው፣ ፊቱ ያልታየው ሰውስ ማን ነው። ሳራዬቮን ላልነበረበት ሰው ሥዕል አደራ የሰጠን የታሪክ መጻሕፍታችንን ስንገልጥም ይህንኑ እንጠይቅ። ጥያቄው ብቻውንም አይበቃም። የእኛ መጽሔት በስቴንስል የሚባዛ ስለሆነ ባለ ቀለም ሽፋን ሊኖረው አይችልም፤ መስመር ግን ይይዛል፤ ቃልም ይይዛል። በመካከላችን ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ አባቶቻቸው ያዩትን የሚነግሯቸው ሽማግሌዎችም ገና በሕይወት አሉ። ቤልትራሜ ከሚላኖ ሳይወጣ ሠራ፤ እኛ ግን አገራችን ውስጥ ቆመን ሽማግሌዎቹን ጠይቀን የመጻፍ ዕድል አለን። በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እርሳስና ወረቀት ይዘን ብንሄድ፣ የሚቀጥለው ዓመት የዚህ መጽሔት ገጾች በዚያ ሊሞሉ ይችላሉ።